ከጅቡቲ እስከ ስዊዝ፦ ለአዲስ መርከበኛ የቆሻሻና የዘይት አያያዝ

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርም ሆነ በባቦጋያ ሥልጠናቸውን ጨርሰው የመጀመሪያ መርከባቸውን ለሚጠብቁ ልጆች ነው። እኔ ሰከንድ ኢንጂነር ነኝ። መካኒካል ተምሬ፣ ባሕር ዳር ሠልጥኜ፣ እንደ እናንተው ካዴት ሆኜ ነው የጀመርኩት። አዲስ ካዴት ሲመጣ ስለ ዋናው ሞተር ይጠይቀኛል፣ ስለ ጄኔሬተር ይጠይቀኛል፣ ስለ ደመወዝም ይጠይቀኛል። ስለ ቆሻሻ የሚጠይቀኝ እምብዛም ነው። መርከብን ወደብ ላይ ከሚያስይዙት፣ መርከበኛን ፍርድ ቤት ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ ግን እሱ ነው። ደግሞ ባሕሩ የአንድ አገር አይደለም። እኛ የጣልነው ጆንያ የየመን ወይም የኤርትራ ዓሣ አጥማጅ መረብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ጉዳዩን በደንብ እንየው።

ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ። የመርከብ መዝገብም የሚሞላው በዚያው ነው።

ቀይ ባሕር ላይ ምን ተለወጠ

ዋናው ሕግ ማርፖል ይባላል። በ1973 ተጽፎ፣ በ1978 ተጨምሮበት፣ ከኦክቶበር 2 ቀን 1983 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ስድስት አኔክሶች፣ ማለትም ክፍሎች፣ አሉት። እናንተን በየቀኑ የሚነካችሁ አኔክስ አንድ፣ ማለትም ዘይት፣ እና አኔክስ አምስት፣ ማለትም ደረቅ ቆሻሻ ነው። የፍሳሽና የጭስም አለ፤ ወደ መጨረሻው በአጭሩ እመጣበታለሁ።

ሕጉ አንዳንድ ባሕሮችን «ልዩ አካባቢ» ብሎ ይለያቸዋል። እዚያ ቁጥጥሩ ጠበቅ ይላል። ቀይ ባሕር ገና በ1973 ልዩ አካባቢ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ሥራ ላይ የዋለው ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። ለምን ይህን ያህል ቆየ? ሕጉ ቅድመ ሁኔታ ስላለው ነው። መርከቡን «እዚህ አትጣል» ከማለት በፊት «እዚህ አስረክብ» የሚባልበት ቦታ መኖር አለበት። ዳርቻው ላይ ያሉት አገሮች ወደቦቻቸው ቆሻሻና አሮጌ ዘይት መቀበል እንደሚችሉ ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት፣ ለአይኤምኦ፣ ማሳወቅ ነበረባቸው። አንዱ ወደብ ቢያዘጋጅና ሌላው ባያዘጋጅ አይሆንም። በመጨረሻ ነገሩ ተሳክቶ የአይኤምኦ የባሕር አካባቢ ጥበቃ ኮሚቴ በጁላይ 2023 በ80ኛው ስብሰባው ቀኑን ቆረጠ።

እኔ ይህን ታሪክ ለካዴቶች ሁሉ እነግራለሁ። በዚህ ባሕር ዳርቻ ያሉ አገሮች ብዙ ነገር ያጣላቸዋል። ጅቡቲ፣ ግብፅ፣ ዮርዳኖስ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን መቀመጫው ጅዳ በሆነው ፐርስጋ በሚባል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ውስጥ አንድ ላይ ናቸው፤ ኤርትራና እስራኤል ግን አባል አይደሉም። ጦርነት ላይ ያለ አገርም አለ። እንዲያም ሆኖ አንድ ሕግ ባሕሩን በሙሉ ይሸፍናል።

ባሕሩም ጥበቃ ይፈልጋል። ጠባብ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም። በየዓመቱ 2 ሜትር ገደማ ውኃ ይተንበታል። ከውቅያኖስ ጋር በተፈጥሮ የሚገናኘው በባብ ኤል መንደብ ብቻ ነው። ኮራሉ ደግሞ ከዳርቻው ሥር ተያይዞ ይሄዳል። የገባበት ቆሻሻ ቶሎ አይወጣም።

መስመሩ የት እንዳለ እወቁ

ይህን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። የጅቡቲ ወደብ ያለው ከባብ ኤል መንደብ ውጭ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው። የዘይቱ ሕግ የኤደንን ባሕረ ሰላጤም ልዩ አካባቢ አድርጎታል። ስለዚህ በዘይት በኩል ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆማችሁም ልዩ አካባቢ ውስጥ ናችሁ። በደረቅ ቆሻሻ በኩል ግን ልዩ አካባቢው የሚጀምረው ባብ ኤል መንደብ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ የአቃባንና የስዊዝን ባሕረ ሰላጤ ጨምሮ፣ ሁሉም ልዩ አካባቢ ነው። ከስዊዝ ቦይ ስትወጡ ሜዲትራኒያንም እንዲሁ ልዩ አካባቢ ነው። ማለትም አንዴ ባብ ኤል መንደብን ካለፋችሁ እስከ ጅብራልታር ድረስ ባሕሩ ሁሉ ጥብቅ ነው።

ቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከብ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ ሲሄድ አይታችኋል። እዚያ በደረቅ ቆሻሻ በኩል ልዩ አካባቢ ባይሆንም ጠቅላላው ክልከላ አለ። ከ2013 ወዲህ አኔክስ አምስት የተገለበጠ ሕግ ነው። ድሮ «ይህን ይህን አትጣል» ይል ነበር። አሁን «ምንም አትጣል፣ ከእነዚህ ጥቂቶች በስተቀር» ይላል።

ርቀት የሚለካው በጣም ቅርብ ከሆነው መሬት ነው። ደሴትም መሬት ነው። በደቡብ ቀይ ባሕር በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ ስታልፉ ከየትኛውም ዳርቻ 12 ኖቲካል ማይል የራቃችሁ ሊመስላችሁ ይችላል። አትገምቱ። ወደ ብሪጅ፣ መርከቡ ወደሚመራበት ክፍል፣ ደውሉ፣ ተረኛው መኮንን ካርታውን አይቶ ይንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ሻንጣችሁን ካስቀመጣችሁ በኋላ የቆሻሻ አያያዝ ዕቅዱን ጠይቁ። 100 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ መርከብ ሁሉ ሊኖረው ይገባል። ውስጡ ኃላፊው ማን እንደሆነ በሥራ መደቡ ተጽፏል። ቀጥሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን ማስታወቂያዎች አንብቡ። ኩሽና፣ ምግብ ቤት፣ ሞተር ክፍልና ዴክ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ማስታወቂያው በመርከበኛው የሥራ ቋንቋ መጻፍ አለበት ይላል ሕጉ። የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ሠራተኛው አብዛኛው አበሻ ከሆነ በአማርኛ ጽፋችሁ አጠገቡ ለጥፉ። ማንም አይከለክላችሁም። ሰው በቋንቋው ያነበበውን ቶሎ ይይዛል።

የቆሻሻ መዝገቡ ቆሻሻውን ከኤ እስከ ኬ በፊደል ይከፍለዋል። ኤ ፕላስቲክ ነው። ቢ የምግብ ትርፍራፊ። ሲ ወረቀት፣ ካርቶን፣ ጠርሙስ፣ ጣሳ። ዲ የተጠበሰበት ዘይት። ኢ የማቃጠያው አመድ። ኤፍ የሥራ ቆሻሻ፣ ለምሳሌ እኛ ክፍል ያለው ዘይት የነካው ጨርቅ። አይ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ባትሪና የፕሪንተር ቀለም። ጂ እና ኤች የሞተ እንስሳና የዓሣ ማጥመጃ ናቸው፤ ጭነት መርከብ ላይ ብዙም አይገጥሟችሁም። ጄ እና ኬ የጭነት ቅሪት ናቸው። ማዳበሪያ ወይም ስንዴ በጅምላ የሚጭን መርከብ ላይ ከሆናችሁ ግን እነዚህን ሁለቱን ከቺፍ ኦፊሰሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተማሩ።

ፕላስቲክ የትም፣ መቼም፣ በምንም ርቀት አይጣልም። ከሌላ ቆሻሻ ጋር ከተቀላቀለም ሁሉም እንደ ፕላስቲክ ይቆጠራል። ይህ ማለት አንድ በርሜል የምግብ ትርፍራፊ ውስጥ የገባች አንዲት ፌስታል በርሜሉን በሙሉ ወደ ወደብ የሚሄድ ቆሻሻ ታደርገዋለች። ስለዚህ ሥራው ኩሽና ነው የሚጀምረው። ከኩኩ፣ ማለትም ከመርከቡ ምግብ አብሳይ፣ ጋር ተወዳጁ። በሩዝ ጆንያ ክር፣ በዓሣ መጠቅለያ፣ በፍራፍሬ ላይ በምትለጠፈዋ ትንሽ ወረቀት፣ በሻይ ከረጢት ላይ ተነጋገሩ። አንዳንዱ የሻይ ከረጢት ፕላስቲክ አለው። ኩኩ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል፤ ከታላቅ አክብሮት ጋር ጠይቁት። «አስተምረኝ» ብላችሁ ግቡ እንጂ «ተሳስተሃል» ብላችሁ አትግቡ።

የምግብ ትርፍራፊ ከልዩ አካባቢ ውጭ ከሆናችሁ፣ ተፈጭቶ ከ3 ኖቲካል ማይል በኋላ፣ ሳይፈጭ ከ12 በኋላ ይጣላል። ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ውስጥ ግን የግድ መፈጨት አለበት፣ የግድም ከ12 ማይል በላይ መራቅ አለባችሁ። የተፈጨው 25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ማለፍ አለበት። በሁለቱም መርከቡ እየተጓዘ መሆን አለበት፤ መልሕቅ ጥሎ አይሆንም። መፍጫው ከተበላሸ? ክዳን ባለው በርሜል አስቀምጡ። በቀይ ባሕር የበጋ ሙቀት ይሸታል፣ አውቃለሁ። ሽታውን ቻሉት፤ መፍጫውንም በዚያው ቀን ጠግኑት።

ፕላስቲክ ለኢንጂነርም ጣጣ ነው። አንድ ወደብ ደጃፍ መልሕቅ ጥለን ሳለ የማቀዝቀዣው የባሕር ውኃ ግፊት መውረድ ጀመረ። ስትሬይነሩን፣ ማለትም የባሕር ውኃ ማጣሪያውን፣ ስንከፍት በፌስታል ተሞልቶ ነበር፤ በመካከሉ የውኃ ጠርሙስ ክዳኖች። ጄኔሬተሩ ሊሞቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያንን ፌስታል የጣለው ሰው የእኛን መርከብ አያውቃትም። እኛም እሱን አናውቀውም።

ሞተር ክፍል፦ ቢልጅና ስላጅ

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሰፈር ስለሆነ ትንሽ ረዘም አደርጋለሁ።

ሞተር ክፍል ወለል ሥር የሚጠራቀመው ዘይት የነካው ውኃ ቢልጅ ይባላል። ይህን ወደ ባሕር ማውጣት የሚቻለው ዘይትን ከውኃ በሚለየው በሴፓሬተር ካለፈ በኋላ ነው። የሚወጣው ውኃ ውስጥ ያለው ዘይት ከ15 ፒፒኤም፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን እጅ 15 እጅ መብለጥ የለበትም። መርከቡ እየተጓዘ መሆን አለበት። መቆጣጠሪያው ሲጮኽ ፍሰቱ በራሱ መቆም አለበት። ቀይ ባሕር ላይም ሕጉ በዚህ መልኩ ይፈቅዳል። ብዙ ኩባንያዎች ግን በልዩ አካባቢ ጨርሶ ይከለክላሉ። የኩባንያችሁ ትእዛዝ ከሕጉ ከጠበቀ ትእዛዙን ተከተሉ። ታንከር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ከጭነት ታንክ የሚመጣ ዘይት ያለው ውኃ በልዩ አካባቢ በፍጹም አይወጣም።

ትልቁ ጥበብ ቢልጁ እንዳይበዛ ማድረግ ነው። የፓምፕ ማሸጊያው (ሲሉ) የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዛሬ ቀይሩት። ከኤር ኩለርና ከኤሲ የሚወርደውን ንጹሕ ውኃ ለብቻው ታንክ ስጡት፤ ከዘይት ጋር ካዋሃዳችሁት ያለ ምክንያት ሁሉንም አቆሸሻችሁ። ወለሉን ባገኛችሁት ሳሙና አትጠቡ። ሴፓሬተሩ የሚሠራው ዘይት ከወጥ በላይ እንደሚንሳፈፈው ከውኃ በላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። ሳሙናው ዘይቱን አድቅቆ ከውኃው ጋር ያዋህደዋል፣ ከዚያ ምንም ማጣሪያ አይለየውም። «ሴፓሬተሩ ተበላሽቷል» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሳሙናው ነው።

ስታስነሡት ቺፍ ኢንጂነሩ ይፈቅዳል፣ ብሪጅ ቦታውንና ፍጥነቱን ያረጋግጣል። የውጭው ቫልቭ እንዳይከፈት ቁጥር ባለው ማሸጊያ (ሲል) ይታሸጋል፤ የምትቆርጡትን ሲል ቁጥር ጻፉ። መጀመሪያ ሴፓሬተሩን በንጹሕ ውኃ ሙሉት፣ ሴንሰሩን እጠቡ፣ ከዚያ ቢልጁን ክፈቱ። አጠገቡ ቁሙ። ትታችሁት ሻይ ለመጠጣት አትሂዱ። ከ15 ሲያልፍ ባለ ሦስት መንገዱ ቫልቭ ውኃውን ወደ ታንኩ ይመልሳል። ይህ ስሕተት አይደለም፣ መሣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው። አቁሙ፣ ማጣሪያውን እዩ። ስትጨርሱ እንደገና በንጹሕ ውኃ እጠቡ፣ ዝጉ፣ አዲስ ሲል አድርጉ፣ ሰዓቱንና ቦታውን መዝግቡ።

ሴንሰሩ ላይ ንጹሕ ውኃ ከፍቶ ቆሻሻውን ለማሳለፍ የሚሞክር ሰው ካያችሁ ያ ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በአዲሱ ደረጃ የተሠሩት መቆጣጠሪያዎች ቢያንስ የ18 ወር ዳታ በውስጣቸው ያስቀምጣሉ። ሰዓቱ ከመዝገቡ ጋር ሲነጻጸር ይወጣል።

ከነዳጅና ከዘይት ማጣሪያዎች የሚወጣው ወፍራም ዝቃጭ ስላጅ ነው። ወደ ባሕር አይሄድም። ወይ በማቃጠያው ይቃጠላል፣ ወይ ወደብ ላይ ይሰጣል። በየጠዋቱ የታንኮቹን ሳውንዲንግ፣ ማለትም የይዘታቸውን ልኬት፣ ውሰዱ። በዓይን ግምት ሳይሆን በቴፕ።

መዝገቡ

ኦይል ሪከርድ ቡክ፣ ማለትም የዘይት መዝገቡ፣ የሕግ ሰነድ ነው። ለስላጅ ሲ፣ ለቢልጅ ዲ፣ ሴፓሬተሩ ሲበላሽ ኤፍ፣ ነዳጅ ስትቀበሉ ኤች እያላችሁ በኮድ ትሞላላችሁ። የስላጅ ታንኮች መጠን በየሳምንቱ ይጻፋል። ሥራውን የመራው መኮንን ይፈርማል፣ ገጹ ሲሞላ ካፒቴኑ ይፈርማል። መጽሐፉ ከመጨረሻው ጽሑፍ በኋላ ለ3 ዓመት መርከብ ላይ ይቆያል። የቆሻሻው መዝገብ ደግሞ ለ2 ዓመት። ከሜይ 1 ቀን 2024 ወዲህ የቆሻሻ መዝገብ ከ100 ግሮስ ቶን ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ቀድሞ ከ400 ነበር።

ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙት፣ የተሰረዘው እንዲነበብ ተዉት፣ ከጎኑ ፈርሙ። ነጭ ማጥፊያ አትንኩ። ገጽ አትቅደዱ። ሥራው በተሠራ ሰዓት ጻፉ እንጂ ቅዳሜ ቁጭ ብላችሁ የሳምንቱን በአንድ እስክሪብቶ አትሙሉ። ተቆጣጣሪው ይህን በአንድ እይታ ያውቃል።

ተቆጣጣሪው ማለቴ የፖርት ስቴት ኮንትሮል ሰው ነው። አገሮች በየአካባቢያቸው ተስማምተው መርከቦችን ይፈትሻሉ። የፓሪሱ ስምምነት ከ1982 ጀምሮ አለ። የሜዲትራኒያን፣ የሪያድ፣ የሕንድ ውቅያኖስም አሉ። አንዱ ወደብ ላይ የተመዘገበ ጉድለት በዚያው አካባቢ በሚቀጥለው ወደብ ላይ ይታያል። ሰውየው መጀመሪያ ሒሳብ ይሠራል። ከባድ ነዳጅ የሚጠቀም መርከብ ከፈጀው ነዳጅ 1 በመቶ ገደማ ስላጅ ይወጣዋል። ያ ስላጅ የት ሄደ? ማቃጠያው በሰዓት ስንት ይችላል? የተጻፈው ይመጣጠናል? ከዚያ ታች ይወርድና ቧንቧዎች የሚጋጠሙባቸውን ፍላንጆች ብሎን ያያል። ቀለሙ የተላጠ ብሎን በቅርብ ተፈትቷል ማለት ነው። በመጨረሻ ወደ ካዴቱ ዞር ብሎ «ሴፓሬተሩን አስነሣልኝ» ይላል። ካዴቱ እናንተ ናችሁ።

ትእዛዙ ሕገወጥ ከሆነ

ሴፓሬተሩን ዘልሎ ቢልጅን በቀጥታ ወደ ባሕር የሚያወጣ ቧንቧ በመርከበኛ ዘንድ «ማጂክ ፓይፕ» ይባላል። በኦገስት 2013 ካሪቢያን ፕሪንሰስ በተባለች የመንገደኞች መርከብ ላይ በቅርቡ የተቀጠረ አንድ ኢንጂነር እንዲህ ያለ ቧንቧ አየ። መርከቧ ከእንግሊዝ ዳርቻ ወጣ ብላ 16 ሺህ ሊትር ገደማ ዘይት የነካው ውኃ ለቅቃ ነበር። ኢንጂነሩ ሳውዝሃምፕተን ላይ ለባለሥልጣናት ተናገረ። ጉዳዩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ኩባንያው በ2016 የ40 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተቀበለ። ያን ሁሉ ያስጀመረው አዲስ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠማችሁ ሞተር ክፍል ውስጥ አትጨቃጨቁ። ያላያችሁትን አትፈርሙ፤ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያያችሁትን ቀንና ሰዓት በግል ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። ቀጥሎ የኩባንያውን የየብስ ተጠሪ፣ ዲፒኤ የሚባለውን፣ አግኙ። ስልኩ በየመርከቡ ተለጥፏል፤ ለዚሁ ነው የተቀመጠው። እሱ ካልሰማ የባንዲራው አገር፣ ማለትም መርከቡ የተመዘገበበት አገር፣ አለ፣ የወደቡ ተቆጣጣሪ አለ፣ የመርከበኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን የአይቲኤፍ ተወካይ አለ። ሥራ ማጣት ያስፈራል። ቤተሰብ የሚጠብቅ ሰው ፍርሃቱን አልንቅበትም። ግን ችግር ሲመጣ ፊርማው ያለው ሰው ነው የሚጠየቀው፣ ያዘዘው ሰው ደግሞ አላዘዝኩም ይላል።

ወደብ ላይ ማስረከብ

ከመድረሳችሁ ቢያንስ 24 ሰዓት በፊት በኤጀንቱ፣ ማለትም ወደቡ ላይ ባለው የመርከቡ ወኪል፣ በኩል የቅድሚያ ማሳወቂያ ይላካል። በየዓይነቱ ስንት ኪዩቢክ ሜትር እንዳላችሁ፣ ስንቱን እንደምትሰጡ፣ ስንቱ እንደሚቀር ይጻፋል። ቺፍ ኢንጂነሩ ቁጥሩን ከእናንተ ሳውንዲንግ ነው የሚወስደው።

ቆሻሻውን የሚቀበለው ጀልባ (ባርጁ) ወይም ቦቴው ሲመጣ የሚገናኘው በፍላንጅ ነው። ይህን ፍላንጅ በጣም እወደዋለሁ። የውጭ ስፋቱ 215 ሚሊ ሜትር፣ ስድስት ብሎን፣ ብሎኖቹ በ183 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ። በማርፖል ውስጥ ተጽፏል። ጅዳ ላይም፣ ፖርት ሰይድ ላይም፣ ሮተርዳም ላይም ያው ነው። በብዙ ነገር የማይግባቡ አገሮች ስድስቱ ብሎን የት የት እንደሚገባ ተስማምተዋል። ከመገናኘቱ በፊት የዴክ ቀዳዳዎችን ድፈኑ፣ ከሥሩ መቀበያ ትሪ አድርጉ፣ የዘይት መፍሰስ መከላከያ ዕቃውን አቅርቡ፣ «አቁም» የሚለውን ምልክት ከባርጁ ሰው ጋር ተስማሙ። ቋንቋ ካልተግባባችሁ በእጅ ምልክት። በዝግታ ጀምሩ፣ ቱቦውን እዩ፣ ከዚያ ፍጥነት ጨምሩ።

ከመፍሰሱ በፊትና በኋላ ታንኩን ለኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ከእናንተ ልኬት ጋር ካልተስማማ እዚያው ተነጋገሩ፤ መርከቡ ከወጣ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። ደረሰኙ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። የደረቁም ቆሻሻ እንዲሁ።

በአጭሩ ሌሎቹ፦ ያልታከመ የመጸዳጃ ፍሳሽ ከ12 ማይል በኋላ፣ ቢያንስ በ4 ኖት ፍጥነት። ባላስት ውኃ፣ ማለትም የመርከቡ ሚዛን መጠበቂያ ውኃ፣ በማከሚያው አልፎ ይወጣል፤ የሚመለከታቸው መርከቦች ሁሉ ከሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ደረጃ ማሟላት አለባቸው። ከስዊዝ ወደ ሰሜን ስትወጡ ደግሞ ከሜይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሜዲትራኒያን ውስጥ የነዳጁ ሰልፈር ከ0.10 በመቶ መብለጥ የለበትም። የጭስ ማጽጃ ስክራበር የሌለው መርከብ ላይ ነዳጁን ከመግባታችሁ በፊት ቀይራችሁ ጨርሱ። ሙቀቱ በደቂቃ ከ2 ዲግሪ በላይ እንዳይለዋወጥ፣ አለዚያ የነዳጅ ፓምፑ ተጣብቆ ይቆማል።

ወደቡ አልቀበልም ካለ

ይህን ብዙ መርከበኛ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እንድትይዙት የምፈልገው ይህን ነው። በጦርነት መካከል እንኳ ሰው ሲፈልግ እንደሚሠራ አይተናል። የመን ዳርቻ ቆማ የምትዝገው ሴፈር የተባለችው ታንከር 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት፣ ተዋጊዎቹ ወገኖች ተስማምተው፣ ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 11 ቀን 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ። ቢፈስ ኖሮ ባሕሩን ክፉኛ ይጎዳ ነበር። እንግዲህ ያ ከተቻለ ሁለት ኪዩቢክ ሜትር ስላጅ መቀበል አያቅትም።

ልዩ አካባቢ የቆመው «ወደቦቻችን ይቀበላሉ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ ባልተፈጸመበት ቀን መርከበኛው ዝም ካለ ማንም አያውቅም፣ ታንኩም ይሞላል፣ የሞላ ታንክ ደግሞ ሰውን ወደ መጥፎ ሐሳብ ይገፋል። አይኤምኦ ለዚህ የተዘጋጀ ቅጽ አለው። የወደቡ ስም፣ ቀኑ፣ የቆሻሻው ዓይነትና መጠን፣ ምን እንደጠየቃችሁ፣ ምን እንደተመለሰላችሁ ይሞላል። አገልግሎቱ ከልክ በላይ ከዘገየ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነም ይጻፋል። ካፒቴኑ ለባንዲራው አገር ይልካል፣ ባንዲራው አገር ለወደቡ አገርና ለአይኤምኦ ያሳውቃል፣ ጊሲስ በሚባለው የመረጃ ቋት ላይም ይመዘገባል።

እናንተ ካዴቶች ቅጹን አትልኩም። ማስረጃውን ግን የምትሰበስቡት እናንተ ናችሁ። የቅድሚያ ማሳወቂያው የተላከበትን ሰዓት ያዙ፣ የዚያን ጠዋት ሳውንዲንግ ያዙ። ኤጀንቱ ጋንግዌይ (የመርከቡ መወጣጫ) ላይ ቆሞ «ዛሬ አይቻልም፣ ነገ» ካለ፣ ያንኑ በኢሜይል ለካፒቴኑ እንዲጽፍ በትሕትና ጠይቁት፣ እስኪጽፍም ተከታተሉት።